ለጣዝማ ብዬ የገዛኋቸው ቀለበቶች

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ያዮ ጫካ ዳር ተወልደው እዚያው ያረጁ ሰው ነበሩ። ቡና ይለቅማሉ፣ ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቁት በጣዝማ ነበር። ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ትንሽ ንብ ናት። በእሳቸው ቋንቋ ዳሙ ትባላለች። ማሯ ቀጠን ይላል፣ ትንሽ ይጎመዝዛል፣ ሳል የጠናበት ሰው ሁሉ ይፈልገዋል። ሌላው ሰው ጣዝማ ሲያገኝ ጉድጓዷን ገልብጦ ያለውን ሁሉ ወስዶ ይሄዳል። እሳቸው ግን ከጎን በኩል ቀስ ብለው ይቆፍራሉ፣ ጥቂት ይወስዳሉ፣ የቀረውን ለባለቤቶቹ ትተው አፈሩን መልሰው ይደፍናሉ። ከቤታቸው ጀርባ አሥር ደቂቃ ያህል ሲኬድ፣ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር የነበረችውን ጣዝማ ባለቤቴ ልጅ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ በዚህ ዓይነት ጠብቀው አቆይተዋታል። በመንደሩ ልጅ ሲያስለው እናቲቱ ብርጭቆ ይዛ የምትመጣው እሳቸው ዘንድ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ መቱ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ዩኒቨርሲቲው ገና አልተከፈተም፤ ሞባይል የያዘ ሰው ሲያልፍ ዞር ተብሎ የሚታይበት ጊዜ ነበር። አንድ ጤና መኮንን ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር የሸጠልኝ አሮጌ የፊልም ካሜራ ነበረኝ። ከባድ ነው፣ የቆዳ ማንገቻው ተልጧል፣ ግን ይሠራል። ሁለት ሌንስ ነበረው፤ አንዱ ተራው አጭሩ፣ ሌላው ራቅ ያለ ነገር የሚያመጣው ረጅሙ። ሰርግ ላይና የትምህርት ቤት መዝጊያ ላይ አነሳበት ነበር። በሠራተኛው መካከል ፎቶ የሚያውቅ ሰው ተብዬ ስለነበር ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ያዮ ሄደን ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠን ሳለ አማቴ ካሜራውን ከጉልበቴ ላይ አንስተው እያገላበጡ አዩት።

«ባርሲሳ» አሉኝ። መምህር ማለታቸው ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ይህ ነገር ምን ያህል ትንሽ ነገር ያያል?»

«ምን ሊያዩበት ነው አባባ?»

«ዳሙን። ዕድሜዬን ሙሉ ተከትያታለሁ። የምትገባበትን አውቃለሁ፣ የምትወጣበትን ሰዓት አውቃለሁ። ፊቷን ግን አላውቀውም። ዓይኔ ጥሩ በነበረ ጊዜ እሷ ትንሽ ሆነችብኝ፤ አሁን ደግሞ ዓይኔ እየሄደ ነው።»

ዓይናቸው እውነትም መደብዘዝ ጀምሮ ነበር። ቀኝ ዓይናቸው መሃል ላይ ነጣ ያለ ነገር ይታያል። እሳቸው ግን ከዚያ በፊት አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

«የመዳፌን ያህል አድርጌ አሳይዎታለሁ» አልኳቸው።

የመዳፍ ያህል ይሁን ያለኝ ሰው አልነበረም። ከእኔው አፍ የወጣ ነው።

መቱ እንደተመለስን ገበያው አጠገብ ወደነበረው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ አባታቸው በቡና ንግድ የመጡ፣ እሳቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያደጉ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። የከተማው ሙሽሮች ሁሉ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅለዋል። ችግሬን ነገርኳቸው። ካሜራዬ ከአንድ ክንድ በላይ ካስጠጋሁት ይደበዝዝብኛል፣ ከክንድ ርቀት ላይ ደግሞ ጣዝማ ነጥብ ናት።

«ሦስት መንገድ አለ መምህር» አሉኝና ከጠረጴዛቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ከውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የመነጽር መስታወት የሚመስል ክብ ነገር አነሱ። «ይህ ማጉሊያ መስታወት ነው። ሌንሱ ፊት ላይ ታጠብቀዋለህ። አጭሩ ላይ ሳይሆን ረጅሙ ላይ ግጠመው። ያኔ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነህ ታነሳታለህ፤ መኖርህንም አታውቅ።»

መስታወቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዤ አየሁት። ጠርዙ ላይ ጭረት ነበረው።

«ፎቶው ላይ ምን ታህላለች?»

«ወረቀቱን ትልቅ አድርጌ ባትምልህ እንደ ቡና ፍሬ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሌንሱን ገልብጦ ማሰር። ብረት የሚሠራ ሰው አንድ ቀለበት ይቀርጽልሃል፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ግን የሌንሱ ጀርባ ሜዳ ላይ ይቀራል። በያዮ እርጥበት አልመክርህም። ሦስተኛው ባዶ ቀለበቶች ናቸው። ሦስት ሆነው ይሸጣሉ፤ ካሜራውና ሌንሱ መካከል ይገባሉ። ውስጣቸው መስታወት ስለሌለ ጥራት አይቀንሱም፣ በጣምም ያጎላሉ። ግን ብርሃን ይበላሉ። ደግሞም አራት ጣት ያህል መጠጋት አለብህ። ለሳንቲም፣ ለአበባ ጥሩ ናቸው። ነፍስ ላለው ነገር ግን አይሆኑም።»

«እኔ ትልቅ አድርጌ ነበር ላሳያቸው የፈለግኩት።»

«አማትህ ያውቋታል እኮ። እንደ ቡና ፍሬ ከታየቻቸው ይበቃቸዋል። ውሰደውና ሞክረው፤ ካልወደድከው ትመልሰዋለህ።»

ያን መስታወት ያለ ምንም ክፍያ በእጄ ሊያስይዙኝ ነበር። እኔ ግን በልቤ ያሰብኩት ሌላ ነው። የተቦጨቀ ዕቃ የሚወስድላቸው ሰው ያገኙ መሰለኝ። ስለ ፎቶግራፍ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ መጽሐፉ ቀለበቶቹን አወድሶ መስታወቱን የጀማሪ ብሎታል። እኔ ደግሞ መምህር ነኝ፤ ጀማሪ መባል አልወድም። «አስቤበት እመለሳለሁ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም።

በዚያ ክረምት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለትምህርት አዲስ አበባ ሲሄድ ቀለበቶቹን እንዲያመጣልኝ ላክሁት። ለልጄ ጫማና ለራሴ ኮት ያሰብኩትን ገንዘብ ነው የሰጠሁት። መስከረም ላይ ሦስቱንም በትንሽ የቆዳ ከረጢት አድርጎ አመጣልኝ። ማታውኑ ጠረጴዛ ላይ ስኳር በትኜ በካሜራው አየሁት። እያንዳንዱ ፍሬ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ሆኖ ታየኝ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። በማግሥቱ ለመምህራኑ ሁሉ ነገርኩ፤ የጣዝማ ፊት ላነሳ ነው አልኩ።

ጥቅምት ሲገባ ከአማቴ ጋር ወደ ዋንዛው ሄድን። እሳቸው ከፊት በቀጭን በትራቸው መንገዱን እየዳሰሱ፣ እኔ ከኋላ። ሥሩ ጋ ሲደርሱ ተንበርክከው ጆሯቸውን መሬት ላይ አደረጉ፤ ትንሽ ቆዩና ፈገግ ብለው «አሉ» አሉኝ። የጣዝማዋ መግቢያ ከአፈርና ከሰም ራሷ የሠራቻት፣ ከመሬት ትንሽ ወጣ ያለች ቀጭን አፍ ናት። የእስክሪብቶ ክዳን የቆመ ትመስላለች። በአፏ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ጠባቂዎች ጭንቅላታቸውን ብቅ አድርገው ይቆማሉ።

ሦስቱን ቀለበቶች ገጥሜ በሆዴ ተኛሁ። በካሜራው ስመለከት ጨለማ ነው። ዛፉ ከላይ፣ ቡናው ከጎን ብርሃኑን ይዘውታል፤ የብርሃን መለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም። ለመጠጋት ስሞክር የካሜራው ጥላ አፏ ላይ ወደቀ፤ ጠባቂዎቹም ገቡ። ራቅ ስል ይወጣሉ፣ ስጠጋ ይገባሉ። እንዲህ እያልን ብዙ ቆየን።

«ራቅ በል ባርሲሳ» አሉ አማቴ ጎኔ ተጋድመው። «ትንፋሽህን ነው የምትፈራው።»

«ከራቅኩ አይታየኝም አባባ።»

«እንግዲያ ተወው። ሌላ ቀን ሌላ ነገር ይዘህ ትመጣለህ። እሷ የትም አትሄድም።»

ፊልሙን ጨርሼው ነበር። በተማሪ እጅ ወደ ፎቶ ቤቱ ልኬ ሳሳጥበው ባዶ ሆኖ ተመለሰልኝ። ያን ጊዜ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄጄ መስታወቱን ይስጡኝ ማለት ነበረብኝ። ረጅሙ ሌንስ ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኜ፣ ጥላ ሳልጥል፣ ትንፋሼም ሳይደርስባት ማንሳት እችል ነበር። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር፤ ከያዮ መቱ በሚኒባስ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ግን ቀለበቶቹን ገዝቻለሁ፣ ለሰው ተናግሬያለሁ፣ የፎቶ ቤቱን ሽማግሌ ምክር ንቄ ወጥቻለሁ። መመለስ ከበደኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሁሩሙ የሚኖር አንድ የአማቴ ዘመድ ሞተ። ባለቤቴና አባቷ ለቅሶ ሄዱ። እኔ የማርመው የፈተና ወረቀት አለኝ ብዬ ቀረሁ። ልጃችንን ጎረቤት አስቀምጬ፣ እነሱ በሄዱ በሰዓቱ የያዮ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከመንገድ ወርጄ ቤታቸውን በሩቁ አልፌ በቀጥታ ወደ ጫካው ገባሁ።

መጀመሪያ የዋንዛውን ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ቀጥሎ ሁለት የቡና ቅርንጫፍ። ፀሐይ እስከ ሥሩ ገባች። ካሜራውን አስጠግቼ ሳይ ያቺ የሰም አፍ ጥላ እየጣለች ፊታቸውን ትሸፍነዋለች። በኪስ ቢላዬ ቆረጥኳት። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ጣት በሚያስገባ አድርጌ ሰፋ አደረግኩት። አንድ ነገር ጥሩ አድርጌ እየሠራሁ እንዳለሁ ነው የተሰማኝ። ጠባቂዎቹ ግራ ገብቷቸው ወጡና በተቆረጠው ጠርዝ ላይ፣ በፀሐይ ውስጥ ተደርድረው ቆሙ። የሚሸሸጉበት ስላልነበራቸው አልሸሹም። ፊልሙን በሙሉ አነሳሁባቸው። ስጨርስ በእጄ ትንሽ አፈር ዙሪያውን ጠቅጠቅ አድርጌ፣ የቆረጥኳቸውን ቅርንጫፎች ወደ ጥሻው ወርውሬ፣ ልብሴን አራግፌ ወጣሁ። በሚኒባሱ ውስጥ እያንጎራጎርኩ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ፊልሙን ያጠቡልኝ የፎቶ ቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ የሚያጥብ ሌላ ሰው ከተማው ውስጥ አልቀረም ነበር። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ አብሬያቸው ቆምኩ። በቀዩ መብራት ሥር፣ ውሃው ውስጥ ያለው ነጭ ወረቀት ላይ ቀስ በቀስ ፊቷ መጣ። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ በመካከላቸው ሦስት ትንንሽ፣ የተቀሰሩ አንቴናዎች፣ ግንባሯ ላይ እንደ ሐር ያለ ጸጉር። ወረቀቱ ላይ የአውራ ጣቴን ያህል ነበረች።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «እንዴት አስጠጋችህ?» አሉኝ።

«ታገስኩ።»

«እንግዲያ እኔ ተሳስቼ ነበር» አሉ። «ነፍስ ላለው ነገር አይሆንም ብዬህ ነበር። ይቅርታ መምህር።»

እኔም ይቅርታቸውን ተቀብዬ ወጣሁ።

በዚያ ሳምንት ያለ ወቅቱ ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ባለው እሑድ ፎቶውን በካርቶን መካከል አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ያዮ ሄድኩ። አማቴ ደጃቸው ላይ አጎንብሰው ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን መለሱ፤ ቀና ግን አላሉም።

«ምነው አባባ፣ አሞዎታል?»

«ዳሙዋ ሞታለች» አሉኝ። «ጆሮዬን ባደርግ ድምፅ የለም። ቆፍሬ አየሁ። ውሃ ገብቷል፣ ጉንዳን ጨርሷታል። አፏ ተሰብሮ ነበር።»

ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ቀጥለው። «ሁሩሙ ከመሄዴ በፊት ባለው ቀን ላያት ሄጄ ነበር። እግሬን የት እንዳሳረፍኩ አላየሁም። ረግጫት ይሆናል። ይህን ያህል ዘመን ጠብቄ፣ በገዛ እግሬ።»

ያን ጊዜ ነበር መናገር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። እኔ ግን «ምናልባት ከብት ይሆናል» አልኩ።

«ከብት እዚያ አይገባም ባርሲሳ። ታውቀዋለህ።»

ፎቶውን ሳላወጣ መቱ ተመለስኩ። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከድሮ የፈተና ወረቀቶች ሥር አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ ፊልሙ ተበላሸ አልኳት።

ከዚያ በኋላ አማቴ ጫካ መግባት ተዉ። ዓይኔ አይታመንም አሉ። መቆፈሪያቸውን ለጎረቤት ሰጡ። ብርጭቆ ይዘው የሚመጡትን እናቶች «የለም፣ አልቋል» እያሉ ይመልሷቸው ጀመር። በሄድን ቁጥር ደጃቸው ላይ፣ እዚያው ቦታ ተቀምጠው እናገኛቸዋለን። ባለቤቴ ስትመለስ መንገድ ላይ ታለቅሳለች። «አባቴ በአንዴ አረጀ» ትለኛለች። እኔም አብሬያት አዝናለሁ፤ ሐዘኔ እውነት ነበር፤ አፌን ግን አላስከፈተኝም። መጀመሪያ ሳምንት ሲያልፍ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ወር ሲያልፍ አሁን ብናገር ለምን እስካሁን ቆየህ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ዓመት ሲያልፍ ደግሞ ረስተውት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በሦስተኛው ዓመት የዓይን ሞራ የሚያነሱ ሐኪሞች መቱ መጡ። ባለቤቴ አባቷን አምጥታ ቀኝ ዓይናቸው ተሠራላቸው። ፋሻው ሲፈታ እኛ ቤት አረፉ። ሁሉ ነገር አዲስ ሆነባቸው። ጥፍራቸውን ያያሉ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ያያሉ፣ የልጃችንን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን ያዞሩታል። ባለቤቴ ደግሞ የሚያዩት ነገር ስትፈልግ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ የልጅነት ፎቶዋን ልታሳያቸው ኖሯል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጠዋል። ፎቶው በእጃቸው ነው። ባለቤቴ በደስታ ብድግ ብላ «ተበላሸ ያልከው ፎቶ እኮ ተገኘ!» አለችኝ። ሐሰቴን ገና አላስተዋለችውም።

አማቴ ይስቁ ነበር። «ጸጉር አላት!» አሉኝ። «ባርሲሳ፣ ግንባሯ ላይ ጸጉር አላት! ይህ ምንድን ነው? ይህስ?»

አጠገባቸው ተንበርክኬ፣ ይህ ዓይኗ ነው፣ ይህ የምታሸትበት ነው እያልኩ ክፍል ውስጥ እንደማስተምር አስረዳኋቸው። ድምፄ ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ጣታቸው ከፊቷ ወርዶ ወደቆመችበት ጠርዝ ሄደ። እዚያ ቆመ። ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«አፏ የት ሄደ?» አሉ።

በጥፍራቸው ጠርዙን ተከተሉት።

«ይህ የቢላ ነው» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ» አልኩ። «ሁሩሙ ለቅሶ የሄዳችሁ ቀን። ፀሐይ እንዲገባ ብዬ ነው። እንደምትሞት አላሰብኩም።»

ባለቤቴ ቆማ ስታየኝ ትዝ ይለኛል። አማቴ ግን እኔን አላዩኝም። ዓይናቸውን ወደ እግራቸው ጣሉ፤ ሁለቱንም እግሮቻቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው።

«ሚላ ኮ ሚቲ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው በአማርኛ ደገሙት፤ «እግሬ አልነበረም።»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ይቅር ብያለሁ፣ ተነስ» አሉ ቶሎ፤ ለእንግዳ እንደሚባል አድርገው። ከተነሳሁ በኋላ ደግሞ እንዲህ አሉኝ፤ «ዳሙ ትሞታለች። ዝናብ ይገድላታል፣ ጉንዳን ይገድላታል፣ ሰው ይገድላታል። በእሱ አልቀየምም። ግን ብትነግረኝ ኖሮ ሁለት ዓመት ቤት አልቀመጥም ነበር።»

ቀለበቶቹን ለተማሪዎች ማሳያ ብዬ ለትምህርት ቤቱ ሰጠኋቸው። ለፎቶ ቤቱ ሽማግሌም እውነቱን ልነግራቸው እያሰብኩ ስዘገይ፣ ፊልም የሚያሳጥብ ሰው ጠፍቶ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ጅማ ሄዱ። ስለ ቀለበቶቹ ተሳስቻለሁ ብለው እንዳመኑ ቀሩ።

አማቴ ያዮ በተመለሱ በሳምንቱ መቆፈሪያቸውን ከጎረቤት አስመለሱ። ጉልበታቸው እንደ ድሮው አልነበረም፤ ቢሆንም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይገቡ ነበር። በዓመቱ ሌላ ጣዝማ ማግኘታቸውን ሰማሁ። ቦታውን ያሳዩት ለባለቤቴ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ ተያይዘው ሲወጡ እኔም ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። «አንተ እዚህ ከልጅህ ጋር ሁን ባርሲሳ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

እሳቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቴ አሁንም በዓመት አንድ ጊዜ ያዮ ትሄዳለች፣ ከጎን በኩል ቆፍራ ጥቂት ማር አውጥታ፣ ደፍና ትመለሳለች። ማሩን ለሚያስላቸው የጎረቤት ልጆች ትሰጣለች። እኔ እስከ መንገዱ ድረስ እሸኛትና እዚያው ሻይ ቤት ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። የት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ነግራኝ አታውቅም።